አያ ጅቦ ያልረጨው ጥግ

አንድ ጊዜ አንበሳ ሐይቅ ዳር ሰፊ የጽጌረዳ ማሳ ነበረው። አበባውን የምትንከባከብለት አህያ ነበረች። አንበሳ ልጁን ሊድር አንድ ወር ሲቀረው፣ ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ አረንጓዴ ተባይ ማሳውን ወርሮ የእንቡጦቹን ጭማቂ ይመጥ ጀመር። አንበሳም አህያን ጠርቶ፣ «ለሠርጉ አበባ ካልደረሰ ለድግሱ አንቺ ትደርሻለሽ» አላት።

ይህን የሰማች ቀበሮ መድኃኒት በገንቦ ይዛ ከተፍ አለች። «ጌታዬ፣ ይህ ከተረጨ በማሳዎ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አይኖርም» አለች። ርጭቱን አያ ጅቦ ያዘ፤ በረጨ ቁጥር አንድ የፍየል ታፋ ሊሰጠው ነው።

በመጀመሪያው ርጭት ክሽክሹ ረገፈ። በአሥረኛው ቀን ግን ከፊተኛው በዝቶ መጣ።

«መጠኑ አንሶ ነው» አለች ቀበሮ።

«እኔም ይኸንኑ ልል ነበር!» አለ አያ ጅቦ፣ ታፋው እየታየው። «እጥፍ እናድርገው! እንዲያውም በየቀኑ ልርጭ!»

ረጨ። ክሽክሹ ጭራሽ ባሰ።

አህያን ነገሩ ከነከናት። «መድኃኒቱ ሲጨምር ተባዩም የሚጨምረው ለምንድን ነው?» እያለች ከቁጥቋጦዎቹ ሥር ስታስስ፣ በቀይ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ጥንዚዛዎች ሞተው ተበትነው አገኘች። «እነዚህስ እዚህ ምን ይሠሩ ነበር?» ብላ በሕይወት ያለች ፍለጋ ማሳውን ዞረች። በመጨረሻ የእሾህ አጥሩ ጥግ ስትደርስ ደንግጣ ቆመች። የጥጉ ጽጌረዳ ሁሉ ፈክቷል!

«አያ ጅቦ፣ ይህን ጥግ ምን ረጨኸው?»

«እ... እሾህ ይወጋኛል ብዬ...» አለ ጅብ አንገቱን ደፍቶ። «አልረጨሁትም። ለጌታችን እንዳትነግሪብኝ!»

አህያ ጆሮዋን አቁማ ቅጠሎቹን አየች። አንዲት ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሹን አንድ በአንድ እንደ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«እመት ጥንዚዛ፣ ቅጠሉን አትበይም እንዴ?»

«ቅጠልማ ያንቺ ምግብ ነው» አለች ጥንዚዛ አፏን እየጠረገች። «እኔ የምኖረው በክሽክሽ ነው። ዘመዶቼም በማሳው ሁሉ ነበሩ፤ ጠላታችሁን እየበሉላችሁ ሳለ ፈጃችኋቸው። ክሽክሽ ቶሎ ቶሎ ትወልዳለች፤ እኛ ግን የምንራባው ቀስ ብለን ነው። ከርጭቱ በኋላ እሷ ቀድማ ትመለሳለች፤ የሚነካትም የለም።»

አህያ አንበሳን አምጥታ ጥጉን አሳየችው።

«ጌታዬ፣ የአህያ ወሬ ይሰማሉ?» አለች ቀበሮ። «ጥንዚዛም ክሽክሽም ያው ተባይ ናቸው!»

አንበሳ በደረቱ ተኝቶ አፍንጫውን ወደ ቅጠሉ አስጠጋ። ጥንዚዛዋ አንድ በላች። ሁለት በላች። ሃያ ስትደርስ፣ «ዝም በሉ፤ ገና አልጠገበችም!» አለ። ቀና ሲል ቀበሮ ገንቦዋን ጥላ ጠፍታለች።

ለሠርጉ የደረሰው የዚያ ጥግ አበባ ብቻ ነበር፤ ሙሽራይቱም በአንዲት እቅፍ አበባ ተዳረች። አህያ ተረፈች፤ ርጭቱም ቆመ። ጅብ ታፋው ስለቀረበት አለቀሰ። ክረምቱን ሙሉ አህያ በየጠዋቱ በቀረው ማሳ ቅጠል እየገለበጠች የጥንዚዛዎቹን መመለስ ጠበቀች። አንድ ማለዳ ከቅጠል ሥር ጥቃቅን ቢጫ የጥንዚዛ እንቁላሎች ተደርድረው አየችና፣ ሐይቁ እስኪያስተጋባ ድረስ አናፋች።

ከዚህ የምንማረው ጠላትን ለማጥፋት መርዝ ከማንሣታችን በፊት በዚያው ቅጠል ላይ ለእኛ የሚዋጋ ወዳጅ እንዳለ ጠጋ ብለን ማየት እንደሚገባን ነው።