የጨመረብህ ማን ነው?

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ያለው በሬ አንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ካቻምና በክረምት ገደል ገብቶ ሞቶበታል። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። አምና በውሰት በሬ አረሰ፤ ዘንድሮም በሬ ካላገኘ ግን መሬቱን ለእኩል አራሽ ሊሰጥ፣ በገዛ ማሳው ላይ ቆሞ ተመልካች ሊሆን ነው።

በአገሩ በንግሥ በዓል ማግስት፣ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የገባው ሁሉ በጨረታ ይሸጣል። አንዱ ዋጋ ይጠራል፤ ሌላው ይጨምርበታል። ሰው በጨመረ ቁጥር አጫራቹ ስሙን ጠርቶ «እልል በሉ!» ይላል፤ ሴቶቹም ያቀልጡታል። እልልታው ለገዛ ሳይሆን ለጨመረ ነው። ይህን ልብ በል!

ገበሬው አምናም በሬ ሊገዛ ሄዶ ነበር። ገና ዋጋ ከመጥራቱ አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ጨመረበት፤ እልልታው ሰማይ ነካ። ገበሬው ክው አለ። «ይህ ሰው ቆርጦ መጥቷል» ብሎ ተወና ባዶ እጁን ተመለሰ። ሚስቱ ተናደደች።

«ጨመረብኝ ትለኛለህ፤ የጨመረብህ ማን ነው? ከዚያ በፊት ስንት ነገር ላይ ጨመረ? ሲመልሱለትስ ምን አደረገ?» አለችው። አንዱንም አላወቀም። አፈረ።

ዘንድሮ ማልዶ ደረሰ። ሁለቱ በሬዎች፣ ቀዩና ጥቁሩ፣ የሚወጡት መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ እስከዚያው ሰዎቹን ሲያይ ዋለ። ባለጸጋው ጃንጥላ ሲወጣ ጨመረ፤ በግ ሲወጣ ጨመረ፤ አሮጌ ምንጣፍ ላይ እንኳ ጨመረ! ሌላው ጠንከር አድርጎ ሲመልስለት ግን ጢሙን እየዳበሰ ዞር ይላል። ከስምንት ዕቃ ሰባቱን እንዲህ ትቶ፣ እስከ መጨረሻ የያዘው አንድ ገንቦ ማር ብቻ ነው። ከዋርካው ሥር ደግሞ በከብት ንግድ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ አላሉም። አንዴ ብቻ ተነሥተው የቀዩን በሬ ጥርስ ገልጠው አዩ፤ ሰኮናውን ዳሰሱ፤ ተመልሰው ተቀመጡ።

ቀዩ በሬ ወጣ። እንዴት ያለ በሬ! ገበሬው ዋጋ ጠራ፤ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሡ ጨመሩበት። ሊመልስላቸው ምላሱን በላው። ግን «እኚህ ሰው ሲጨምሩ ገና መጀመሪያቸው ነው» አለ በልቡ፤ ተወ። አጠገቡ ያሉት «ዘንድሮም ፈራህ?» እያሉ ሳቁበት። ቻለው። ሌላ ሰው እልህ ይዞት ሲጨምርባቸው ሽማግሌው ሳያመነቱ እስከ መጨረሻው ሄደው ወሰዱት።

የቀረው ጥቁሩ በሬ ነው። ገበሬው ዋጋ ጠራ። ባለጸጋው ብድግ ብሎ «ሁለት ሺህ ጨምሬበታለሁ!» አለ። እልልታው ደብሩን አናወጠው። ገበሬው ይህ በሬ ካመለጠው መሬቱም አመለጠው! ሰውየው እንደ ማሩ የምር ፈልጎት ቢሆንስ? ሊሆን ይችላል። ግን ከስምንቱ አንዱን ነው የያዘው፤ በሬውንም ቀረብ ብሎ አላየውም። ገበሬው ተነሣ፤ በመቀነቱ የቋጠረውን ሁሉ ይዞ «አምስት ሺህ ጨምሬበታለሁ!» ብሎ ጮኸ። በራሱ ድምፅ ራሱ ደነገጠ።

«አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» አለ አጫራቹ። ባለጸጋው ጢሙን ዳበሰ። ዞር አለ። «ሦስት ጊዜ!» ገበሬው የበሬውን ገመድ ሲቀበል እየሳቀ ያለቅስ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ «ፖከር ስጫወት፣ ካርዴ ደህና ነው ብዬ ውርርዱን ከፍ ሳደርግ ሌላው መልሶ ይጨምርብኛል፤ ልተው ወይስ ልመልስለት?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አንተ ያ ገበሬ ነህ፤ ያውም የአምናው! የተጨመረውን ታያለህ እንጂ የጨመረውን ሰው አታይም። በየዙሩ የሚጨምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ላይ ያለው አሮጌ ምንጣፍ ነው፤ ካርድህ ደህና ከሆነ ሳትፈራ መልስለት። ዝም ብሎ ውሎ አንዴ የሚጨምረው ግን የበሬውን ጥርስ ገልጦ ያየ ሰው ነው፤ ለእሱ ቀዩን በሬም ቢሆን ልቀቅለት። አንዳንዴ ትሳሳታለህ፤ ባለጸጋውም ማር ይዞ ያውቃል። ቢሆንም ዛሬ ስትቀመጥ፣ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ሰዎቹን ብቻ እያየህ አሳልፍ። በሬው የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው።