በጁምዓ ሰዓት የተዘጋው ሐራጅ

ስሟን በማልጠራት አንዲት ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ይኖራሉ። ስሟን የማልጠራው ሌሎች ከተሞች እንዳይከፋቸው ብዬ ነው፤ ተወልጄ ያደግሁባት ናትና ስለ እርሷ ስናገር ኩራቴን መደበቅ አልችልበትም። እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር አንባቢ ግመልና ዲናር መጠበቁን አውቃለሁ። የዛሬው ግን የቅርብ ጊዜ ነው፤ ስልክም አለበት።

የሐጂ ሙዘይን ሱቅ ከታላቁ መስጂድ ጀርባ ናት። ጨርቅ ሲለኩ ከልኩ ጥቂት አሳልፈው ይቆርጣሉ፤ ሲናገሩ ግን ከሚያስፈልገው አንዲት ቃል አያሳልፉም። በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር ሐጅ አድርገዋል። ባለቤታቸው እማማ ሰዓዳ ግን አልሄዱም። ዛሬ ነገ ሲባል ልጆች መጡ፣ ልጆቹ ሲያድጉ ችግር መጣ፣ ችግሩ ሲያልፍ እርጅና ደረሰ። ሰው ሲሄድ ይሸኛሉ፣ ሲመለስ የዘምዘም ውኃ ይቀበላሉ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ባለፈው ዓመት ሐጂ ሙዘይን ቆረጡ፦ ሰዓዳ በዚህ ዓመት ካዕባን ያያሉ።

ለጉዞው የጎደለውን ገንዘብ የሚሞላ አንድ ነገር ብቻ ነበራቸው። ከአያታቸው የወረሱት፣ በጀልባ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ የናስ ምስማር የተመታበትና አበባ የተቀረጸበት ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው። የጥንት ዕቃ የሚገዙ ነጋዴዎች በሳጥኑ ምክንያት ለዓመታት ደጃቸውን ሲመላለሱበት ኖረዋል።

እዚህ ላይ የከተማችንን ወግ ልናገር። በእኛ ዘንድ ዕቃ ለሐራጅ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ እጁን ዕቃው ላይ ያኖርና «የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ባለቤቱ ነው» ይላል። ሐራጁ ሲዘጋ ሻጩ ራሱ ዕቃውን ይዞ እስከ ገዢው ደጃፍ ያደርሳል፤ ምራቂም ይጨምርበታል። ዋጋው ደስ ቢያሰኘውም ቢያንገበግበውም ያው ነው። ፊቱን ያጠቆረ ሻጭ ይታማል። ከቃሉ የተመለሰ ደግሞ ሰላምታ አይነፈገውም፤ ዕቃውን ግን ማንም ዞር ብሎ አያይለትም።

ልጃቸው ረውዳ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ብልህ ሴት ናት። ሳጥኑን ለሰፈር ነጋዴ ብቻ ከማሳየት ከየአገሩ ሰው በሚጫረትበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ማውጣት እንደሚሻል ለአባቷ አስረዳች። ሐጂ ሙዘይን የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ እዚያም የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ባለቤት ይሆናል ወይ አሉ። ይሆናል አለቻቸው። እንግዲያው ሐራጅ ነው ብለው ሳጥኑ ላይ እጃቸውን አኑረው የአገሩን ቃል ተናገሩ። ረውዳም ስልኳን ተጫነች።

ስህተቱ የተሠራው ያን ጊዜ ነው፤ ከእኛ አገር ሰው በቀር ማንም የማይሠራው ስህተት። ረውዳ ጨረታው ዓርብ በአንድ ሰዓት እንዲዘጋ አዘዘች። በልቧ ያሰበችው ምሽት አንድ ሰዓትን ነበር፤ መግሪብ ተሰግዶ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ የሚቀመጥበትን። ገጹ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የእርሱ አንድ ሰዓት የእኛ ቀን ሰባት ሰዓት ነው፤ ኢማሙ ለኹጥባ፣ ለጁምዓው ስብከት፣ ሚንበር ላይ የሚቆምበት። ገጹ የቀረውን ጊዜ ለተመለከተው ሁሉ እየቆጠረ ያሳይ ነበር። ነገር ግን «ዓርብ አንድ ሰዓት» የሚለው ወሬ በአፍ ስለተዳረሰ ማንም አላጣራም። ነጋዴዎቹም እንደ ልማዳቸው መጨረሻዋን ደቂቃ እየጠበቁ አንድም ዋጋ ሳይጠሩ ቆዩ።

ረቡዕ ዕለት ዋጋ የጠራች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ወይዘሮ ፈቲያ ትባላለች፤ ራቅ ባለ ከተማ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳጥኑን የፈለገችው ልጇን ልትድርበት ነው። ከመነሻው ትንሽ ከፍ አድርጋ የአቅሟን ጠርታ ተቀመጠች። ዓርብ ቀን ወንዱ ሁሉ ስልኩን ዘግቶ ኹጥባ ሲያዳምጥ ሐራጁ ተዘጋ። ሳጥኑም በእርሷ ዋጋ ጸና።

ሐጂ ሙዘይን ከሶላት ሲመለሱ ረውዳ ሱቁ በር ላይ ፊቷ ገርጥቶ ጠበቀቻቸው። የሆነውን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ዋጋው ለናሱ ምስማር እንኳ የሚበቃ አይመስልም ነበር። ከዚያ መላ ያለችውን አመጣች። ገጹ ላይ መሰረዝ ይቻላል፤ ሻጮች በየቀኑ ያደርጉታል፤ ምክንያት መጻፍ ብቻ ነው አለች። እውነቷን ነው፣ ይደረጋል። እኔም አይቻለሁ። ጠዋት ደህና የነበረው ዕቃ ዋጋው ዝቅ ሲል ማታ ይሰበራል፤ ካልተሰበረ ይሰረቃል፤ ሁለቱም ካልሆነ ባለቤቱ በድንገት ይታመማል። ዋጋው ደህና ሲሆን ግን አንድም ዕቃ ሲሰበር፣ አንድም ሻጭ ሲታመም አላየሁም።

«ሳጥኑ ተሰብሯል?» አሉ ሐጂ ሙዘይን።

«አልተሰበረም አባ።»

«እንግዲያው ተሰብሯል ብለሽ አትጻፊ።»

ነጋዴዎቹም ሰምተው መጡ። አንደኛው እዚያው በእጁ ብዙ እጥፍ አድርጎ እንደሚከፍል፣ ሳጥኑም ገና ከቤት እንዳልወጣ አስታወሳቸው። ሐጂ ሙዘይን ከቤቴ ባይወጣም ከእጄ ወጥቷል ብለው መለሱት።

ረውዳ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ የእናቷ ነገር አንጀቷን በልቷታል። አላህ በጁምዓ ጥሪ ሰዓት ንግድን ተዉ ብሎ አዟል፤ በዚያ ሰዓት የተዘጋ ሽያጭ እንዴት ይጸናል አለች። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሐጂ ሙዘይን ኢማሙ ሼህ ጀማሉዲን ዘንድ ሄዱ። ሼሁ ነገሩን ካደመጡ በኋላ በዚያ ሰዓት የተደረገ ሽያጭ ፈራሽ ነው የሚሉ ዑለሞች እንዳሉ፣ ሻጩ ኃጢአት ቢሆንበትም ሽያጩ ይጸናል የሚሉም እንዳሉ ገለጹ። እማማ ሰዓዳ ስንት ዓመት ሲጠብቁ እንደኖሩ ሼሁም ያውቃሉና የመጀመሪያውን ይዘው ቢያፈርሱት ማንም እንደማይነቅፋቸው ነገሯቸው።

 የሐጂ ሙዘይን ልብ አልተፈተነም ብዬ አላሳምራቸውም፤ ራሳቸው በኋላ እንደተናገሩት ያን ጊዜ ነፍሳቸው አዎ በል እያለች ትወተውታቸው ነበር። በሩ ተከፍቷል፣ የከፈተውም ዓሊም ነው። ሐጂ ሙዘይን ግን ቀና ብለው ጠየቁ።

«ሼህ፣ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ ይዤ እርስዎ ዘንድ እመጣ ነበር?»

ሼህ ጀማሉዲን አላድበሰበሱም።

«አይመጡም ነበር» አሉ።

«እንግዲያው የመጣሁት ስለ ዲኔ አይደለም። አዑዙ ቢላህ፣ አላህ ይጠብቀኝ።» ብለው ተነሡ።

የቀረው ከሁሉ የከበደው ነበር። ቤት ሲደርሱ እማማ ሰዓዳ ለጉዞ የሚለብሱትን ነጭ ልብስ እየዘመዘሙ አገኟቸው። ሐጂ ሙዘይን አጠገባቸው ተቀምጠው ሁሉንም ነገሯቸው፤ የሰዓቱን ስህተት፣ የነጋዴውን ዋጋ፣ የሼሁንም ቃል ሳያስቀሩ። ከዚያም የተሸጠው ሳጥን የኔ ነው፣ የሚቀረው ጉዞ ግን የአንቺ ነው አሉ። እማማ ሰዓዳ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት። እንባቸው ወረደ፤ አልደበቁትም።

«ሐጂ፣ የሰው ሐቅ ተሸክሜ ካዕባን ልዙር እንዴ?» አሉ።

ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ለመካ ጉዞ የገዙትን አዲስ መስገጃ ይዘው ወጡ። ምራቂው ይህ ይሁን፣ ለሙሽራዋ ነው ብለው በእጃቸው ሳጥኑ ውስጥ አኖሩት። ረውዳ ይህን ስታይ ግድግዳውን ተደግፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

በማግስቱ ሐጂ ሙዘይን ሳጥኑን አውቶቡስ ላይ አስጭነው እንደ ወጉ እስከ ገዢዋ ደጃፍ ራሳቸው ይዘው ሄዱ። ወይዘሮ ፈቲያ በሩን ከፍታ ሽማግሌውንና ሳጥኑን ስታይ መጀመሪያ የሌላ ሰው ዕቃ በስህተት የመጣ መሰላት። ከዚህ በፊት ዕቃ በርካሽ በደረሳት ቁጥር ሻጮቹ ተሰበረ፣ ጠፋ እያሉ ሲቀሩባት ኖራለች፤ ይኸኛውም ይቀራል ብላ ለልጇ እንኳ አልነገረቻትም ነበር። ሳጥኑን ዳሰሰችው፣ መስገጃውንም አወጣችው፤ ከዚያ እንዲህ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ዋጋው ዕቃውን እንደማይመጥን እኔም አውቃለሁ። በጁምዓ ሰዓት ነው የተዘጋ፤ ልክ አይደለም ብለው መተው ይችሉ ነበር። ለምን አልተዉትም?»

ሐጂ ሙዘይን ስለ ሐጁ ጉዞ አንድም ቃል አልተነፈሱም። የመለሱት ይህንን ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ጁምዓ የጠራኝ ከገበያ እንድወጣ ነው፤ ከቃሌ እንድወጣ አይደለም።»

ውኃ ጠጡ፣ ለሙሽራዋ ዱዓ አደረጉ፣ በመጡበት አውቶቡስ ተመለሱ።

አሁን አንባቢ የጠፋው በእጥፍ ተመለሰ፣ አንድ ባለጸጋ ሰምቶ እማማ ሰዓዳን ወደ መካ ላካቸው እንድል ሳይጠብቅ አይቀርም። አልልም፤ አልሆነማ። የዚያ ዓመት ሐጅ አለፈ፣ እማማ ሰዓዳም ሌሎቹን ሸኝተው ወደ ቤታቸው ገቡ። አጅሩን፣ የሥራቸውን ምንዳ፣ የሚያውቀው አላህ ነው፤ እኔ የማላየውን አልጨምርም።

የማየውን ግን እናገራለሁ። ዋጋ ከፍ ሲል ታማኝ ያልሆነ ሻጭ የለም። ሰው ቃል እንዳለውና እንደሌለው የሚታወቀው ዋጋ ዝቅ ያለ ቀን ነው፤ የዚያን ቀን ደግሞ ሰበብ በገፍ አለ። ከሰበብ ሁሉ የሚያስፈራው የዲን ልብስ የለበሰው ነው፤ ሰውየው ሐቅ በልቶ አላህን የፈራ ይመስለዋልና። ሐጂ ሙዘይን ያችን ልብስ አንሥተው ወደ ብርሃን አውጥተው አዩዋት፤ የእርሳቸው ልክ አልነበረችም፤ መልሰው አኖሯት። ሰርዝ የሚለው ምልክት በእያንዳንዳችን ስልክ ላይ አለና ሁላችንም እንድንጠይቅ እፈልጋለሁ፦ ብናተርፍ ኖሮ ይህን ሰበብ እናነሣው ነበር?

አላህ የእማማ ሰዓዳን ጉዞ ያግራላቸው። እስከዚያው ድረስ ግን ካዕባን በዐይናቸው ያላዩ፣ የማያውቋትን ሴት ሐቅ ሳይነኩ ልጇን የዳሩ እናት በሰፈራችን አሉ። በመንገድ ሳገኛቸው ጎንበስ ብዬ እጃቸውን እስማለሁ፤ የአገራቸው ልጅ በመሆኔም እኮራለሁ።