ሳይተኮስ የሚጨፈን ዓይን

አንድ ጓንጉል የሚባል አዳኝ ነበር። በቆላው ዳር ባሉ መንደሮች ሁሉ «ጓንጉል አንድ ጥይት» እያሉ ይጠሩታል፤ ለአንድ አውሬ ሁለት ጥይት ሲተኩስ ያየው ሰው ስላልነበረ ነው። ጠመንጃው ከአባቱ የወረሰው፣ ረጅምና ከባድ ነበር። ተሸክሞት ዳገት ሲወጣ ትከሻ ይቆርጣል። ሲተኮስ ግን እምብዛም አይነቃነቅም።

ጓንጉል ለአደን ሲወጣ ሁልጊዜ ከፊቱ የሚሄድ አንድ ሰው ነበረው። ቦጋለ ይባላል፤ አብሮ አደጉ ነው፤ የአውሬ ዱካ በመከተል ተወዳዳሪ የለውም። በዚያ አገር ልማድ ዱካ ተከታይ መሣሪያ አይዝም። በእጁ ያለው ቅጠል የሚገልጥባት ቀጭን በትር ብቻ ናት። አውሬውን ሲያይ ባለበት ይንበረከካል፤ ያኔ አዳኙ ከተንበረከከው ሰው ራስ በላይ አሳልፎ ይተኩሳል። ነፍሱን የሚጠብቅለት ከኋላው ያለው ሰው ዓይን ነው። ሁለቱ እንዲህ ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት አደኑ። በዚህ ሁሉ ዘመን ቦጋለ አንድም ቀን ወደ ኋላ ዞሮ አያውቅም።

ጊዜ ሄደ፤ የጓንጉልም ጉልበት ደከመ። አንድ ቀን ከሩቅ የመጣ እንግዳ አዳኝ በአንድ እጁ የሚያነሣት ቀላል ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ አየ። የምትጎርሰው ማግነም የሚባለውን፣ ባሩዱ የበዛ ኃይለኛ ጥይት ነው። ጓንጉል ዓይኑ እዚያው ቀረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የአባቱ ጠመንጃ ከወትሮው የባሰ ከበደበት።

ጠመንጃ ወደሚሠራው ባለእጅ፣ ወደ አያ ዘውገ ሄደ።

«አያ ዘውገ፣ ስይዘው የማይታወቀኝ ቀላል ጠመንጃ ሥራልኝ። የሚጎርሰው ግን ማግነም ይሁን» አለው።

«ከእንጨቱም ከብረቱም ቀንሼ ላቀልልህ እችላለሁ» አለ ባለእጁ። «ነገር ግን የቀነስኩት ክብደት እንዲሁ ጠፍቶ አይቀርም። ከባድ ጠመንጃ ሲተኮስ ርግጫውን ራሱ ይችለዋል። ቀላሉ ለአንተ ይሰጥሃል።»

«የእኔ ትከሻ ምን ሆኖ?»

«ትከሻህን አላማሁም። ትከሻ አንዴ ክፉኛ ከተመታ፣ ሁለተኛውን ምት ዓይን ቀድሞ ይጠብቀዋል። እኔ የምፈራው እሱን ነው።»

ጓንጉል ሳቀ። ባለእጁ ጠመንጃውን ሠርቶ ሲጨርስ፣ «ሳትወስደው በፊት እዚሁ ፊቴ በባዶ ትከሻህ ሃያ ጊዜ ተኩስበት» አለው። ጓንጉል ግን ጋቢውን አራት አጥፎ በትከሻውና በሰደፉ መካከል ጎዘጎዘ። አፈሙዙን አሸዋ በሞላ ጆንያ ላይ አስደግፎ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሦስቱም ጥይቶች አንድ መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ ላይ አረፉ።

«ይኸው! መቼ ሳተ?»

«ጠመንጃውማ አይስትም» አለ አያ ዘውገ። «ጎሽ ሲመጣብህ ግን ጋቢ የምታጥፍበት ጊዜ አታገኝም።» ይህን ሲናገር ጓንጉል መንገድ ጀምሮ ነበር።

መንደርተኛው አዲሱን ጠመንጃ ለማየት ተሰበሰበ። በሰው ፊት ጋቢ ማጠፍ የማይታሰብ ስለሆነ፣ ጓንጉል በባዶ ትከሻው አልሞ ጉቶ ላይ የተቀመጠውን ቅል ፈረካከሰው። ሴቶች እልል አሉ። ጠመንጃው ግን ወደ ኋላ ተራግጦ ትከሻውን መታው፤ በላዩ የተገጠመው የማነጣጠሪያ መነጽር ጠርዝም ቅንድቡን ቀደደው። በዚያ አገር «ጠመንጃ መታኝ» ማለት ነውር ነው። የገዛ መሣሪያው ያሳመመው ወንድ የሠርግና የማኅበር መሳቂያ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ ጓንጉል ፊቱን በእጁ ጠረገና «ላብ ነው» አለ። ቀይ ላብ አይቶ የሚያውቅ ሰው ባይኖርም ማንም ትንፍሽ አላለም። ሁለተኛውን ቅል ሳተ፤ ነፋሱ ነው አለ። ሦስተኛውንም ሳተ፤ ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ አለ። ሰዉም አመነው፤ ስሙ «አንድ ጥይት» ነዋ!

ወደ ቤት ሲመለሱ ቦጋለ ቀስ ብሎ አነጋገረው።

«ጓንጉል፣ ቃታውን ከመሳብህ በፊት ዓይንህን ትጨፍናለህ።»

«እኔ? እኔ ጓንጉል?»

«አየሁህ እኮ። ጠመንጃው ከብዶህ ከሆነ ንገረኝ። የአባትህን ይዘን እንወጣለን፤ አብሬህ እሸከመዋለሁ።»

«አንተ ዱካህን ተከተል። ተኩሱን ለእኔ ተወው።»

ቦጋለ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሣበትም።

ወሩ ሳይሞላ አንድ ኮርማ ጎሽ ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ ዘጋ። ሁለት አህዮች ገደለ፤ የአንዲት ውሃ ቀጂ ሴት ክንድ ሰበረ። ሽማግሌዎቹ ጓንጉልን ለመኑት። ጠዋት ላይ ሁለቱ ጓደኛሞች እንደ ልማዳቸው ወጡ፤ ቦጋለ ከፊት በበትሩ፣ ጓንጉል ከኋላ በቀላሉ ጠመንጃው። ረፋድ ላይ ቦጋለ ተንበረከከ። ጓንጉል ተኮሰ። ጎሹ ሆዱ ላይ ተመትቶ እየደማ ወደ ጥሻው ገባ።

የዚያ አገር አዳኝ አውሬ አቁስሎ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ተከትሎ ይጨርሰዋል። ቦጋለ የደሙን ጠብታ እየተከተለ እስከ ጥሻው አፍ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ዞረ።

«ጓንጉል፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?»

«ምን ነገር? ሂድ እንጂ!»

ቦጋለ ገባ። ብዙም አልሄዱም። ጎሹ ከአሥር እርምጃ ርቀት ቅጠሉን በጥሶ መጣ። ቦጋለ ግን አልሮጠም፤ እንደ ልማዱ ባለበት ተንበረከከ። ከራሱ በላይ ያለው ቦታ ሁሉ ለጓንጉል ክፍት ነበር። ጓንጉል አነጣጠረ። ጣቱ ቃታውን ሊስብ ሲል ትከሻው ያንን ምት አስታወሰ፤ ዓይኑም ተጨፈነ። ጥይቱ ከቦጋለ ጎን መሬት ውስጥ ገባ። ዓይኑን ሲገልጥ ጎሹ በቦጋለ ላይ ነበር። ከዚያም ጥቂት ርቆ ሄዶ፣ በመጀመሪያው ቁስሉ ወደቀ።

ቦጋለ ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ጓንጉልን አስጠራው።

«ዓይንህ ተከፍቶ ነበር?» አለው።

ጓንጉልም፣ «ተከፍቶ ነበር። ጠመንጃው ነው የከዳኝ» አለ።

ቦጋለ ትንሽ አየው። ከዚያ «እሺ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ጓንጉል ጠመንጃውን ይዞ ወደ ባለእጁ ቤት ገሰገሰ፤ ሰዎችም ተከተሉት። «ወንድሜን የገደለው ይህ ሥራህ ነው! ተጣሞ የተሠራ ጠመንጃ ሰጠኸኝ!» ብሎ ጮኸ። አያ ዘውገ አልተቆጣም። ጠመንጃውን ተቀብሎ አየው፣ ወደ ጓዳ ገብቶ ተመለሰ፣ አንድ ጥይት አጉርሶ ሰጠው።

«እስቲ ያንን ድንጋይ ምታልኝ።»

ጓንጉል አልሞ ቃታውን ሳበ። ቀጭ አለ እንጂ አልተኮሰም። የተሰበሰበው ሰው ግን ሁሉንም አየ። ጓንጉል ዓይኖቹን ጨፍኗል፣ ትከሻው ወደ ፊት ደንብሯል፣ አፈሙዙም ወደ መሬት ተደፍቷል።

«ባሩዱን ያወጣሁለት ጥይት ነው ያጎረስኩት» አለ አያ ዘውገ። «አልተኮሰም፤ አልመታህም። ታዲያ አፈሙዙን ማን ወደ መሬት አወረደው?»

ጓንጉል እዚያው አፈር ላይ ተቀመጠ። ባለእጁም አጠገቡ ተቀመጠ። «እኔም አለሁበት» አለ። «ጋቢህን አጥፈህ ስትተኩስ እያየሁ ዝም ብዬ ለቀቅኩህ።»

የቦጋለ አርባ ሲወጣ አገሩ በሙሉ ዳስ ውስጥ ተሰበሰበ። ጓንጉል ተነሣ።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያ ጠመንጃ ይመታኝ ነበር፤ እፈራውም ነበር። ቦጋለ በሞት አልጋው ላይ ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። ያለ ጥፋቱ ያስበላሁት እኔ ነኝ።»

በዳሱ ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም። ጓንጉል ያን ያህል የፈራው ሳቅ ሳይመጣ ቀረ። ቀድማ የተናገረችው የቦጋለ ሚስት ደብሪቱ ናት።

«እሱማ ያውቅ ነበር» አለች። «በዚያ ጠዋት ሊወጣ ሲል ነግሮኛል፤ ‹ጓንጉል ዓይኑን ይጨፍናል› አለኝ። ‹ታዲያ ለምን ከፊቱ ትሄዳለህ?› አልኩት። ‹ብቻውን ከሄደ ይሞትብኛል። ደግሞ ዛሬ ራሱ ይነግረኝ ይሆናል› አለኝ። እኔ በአንተ የምቆጣው ስለሳትክ አይደለም፤ ማን የማይስት አለ? እስከ መጨረሻው ሲጠብቅህ አንዲት ቃል ስለነፈግከው ነው።»

ጓንጉል ከዚያ በኋላ ጠመንጃ አልያዘም ይባላል። የቦጋለን በትር ከደብሪቱ ለምኖ ወሰደ፤ እስኪሞት ድረስ ከቤቱ ግድግዳ ላይ አልወረደችም።

ወዳጄ ሆይ፣ መመታት ነውር አይደለም። ከአቅማችን በላይ የሚራገጥ ነገር ያነሣን ሁላችን አንድ ቀን እንመታለን፤ ከተመታንም እንፈራለን። ጓንጉል በቅንድቡ የወረደውን ደም «ላብ ነው» ባይል ኖሮ ጓደኛው ሸክሙን ሊያግዘው ዝግጁ ነበር። ፍርሃት ሲነገር መላ ይገኝለታል። ሲደበቅ ግን ልክ በሚያስፈልገን ሰዓት ዓይናችንን ይጨፍናል፤ የሚጎዳውም አምኖን ከፊታችን የተንበረከከውን ሰው ነው።

የእርስዎን ዓይን ተማምኖ በባዶ እጁ ከፊት ከፊትዎ የሚሄደው ሰው ማን ነው? ዛሬ ዞር ብሎ «የምትነግረኝ ነገር አለ?» ቢልዎት፣ ምን ይሉታል?