የወንዝ ማዶው ቄስ ማን ይሁን

በአንድ ወቅት፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ንጉሥ እጅ በወጣች ሰሞን፣ እዚያ ወንዝ ለሁለት የሚከፍላት ትንሽ ከተማ ነበረች። ቤተ ክርስቲያኗ አንዲት ብቻ፣ እሷም በወዲህኛው ዳር። የማዶ ሰዎች እሑድ እሑድ በጀልባ፣ በብርዱ ወራት ወንዙ በረዶ ሲሠራ ደግሞ በበረዶው ላይ እየተሻገሩ ይመጡ ነበር። ስንቱ ሰጠመ መሰላችሁ።

ቄሱ ኤልናታን አንደበተ ርቱዕ ነውና፣ ማዶ ቤተ ክርስቲያን እንዲያስፈቅድ ለሕግ አውጪው ምክር ቤት መርጠው ላኩት። በእሱ ቦታ ረዳቱ ጌርሾም ሰበከ፤ ሰውን አስለቀሰ። ኤልናታን ወሬውን ሲሰማ ቅናት አንገበገበው። ቆይ፣ ማዶ ቤተ ክርስቲያን ይሠራና ወዲያ እልከዋለሁ አለ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ተሟገተ።

ምክር ቤቱ የነባሯን ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ጠየቀ። ኤልናታን በሌለበት ሰጪው ጌርሾም ነው። እሱም ሰው ነውና ቀና፤ ምስጋናው ሁሉ ለኤልናታን ሊሆን ነዋ! በረዶው ይለፍ ብሎ አዘገየው። የማዶ ሰው የሆነችው የጣቢታ ባል ሲሻገር በረዶው ተሰብሮበት ወንዙ ውስጥ ገባ። ጌርሾም ዘሎ ገባ፤ ያወጣው ግን ሬሳውን ነው። በማግስቱ ፈቃዱን ላከ። ከዚያ ወዲህ የጣቢታን ማሳ የሚያርሰው፣ የማዶን በሽተኛ የሚያስታምመው እሱ ነው።

ሕጉ ጸደቀ፣ ቤቱ ተሠራ፣ የሚሰጥምም ጠፋ። አዲሱ ሰፊ ስለሆነ የወዲህኛውም ሰው ወደዚያው ነጎደ። ይሄኔ ኤልናታን ማዶውን ራሱ ፈለገው።

«እኔ ባልሟገት ይሄ ቤት የት ነበር?» አለ።

«የተሟገትከው እኔን ለማባረር ነው» አለ ጌርሾም።

«አንተስ ለምን አዘገየህ?»



ሕዝቡ እንደ ልማዱ በባርኔጣ ውስጥ ፍሬ እየጣለ መረጠ፤ ለኤልናታን በቆሎ፣ ለጌርሾም ባቄላ። ሲቆጠር እኩል ሆነ። ሴት በማትመርጥበት ዘመን፣ ስለ ባሏ ብለው ጣቢታን ለይ አሏት። ሁለቱን ፍሬዎች ይዛ ባርኔጣው ፊት ቆመች።

እስቲ ተከራከሩ፤ እሷን ብትሆኑ የትኛውን ትጥላላችሁ?