የጃርት ልስላሴ

ተረት ተረት ስላችሁ ጆሯችሁን ወዲህ አቅርቡልኝ። አንድ ጃርት ከሚስቱ ጋር በጉድጓድ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ቀበሮ ከደጅ ተጣራ።

«አያ ጃርት፣ እንኳን ደስ አለዎት። በጀርባ ልስላሴ ከአውሬው ሁሉ አንደኛ ወጥተዋል። እሾህዎን አራግፈው ይውጡና አንድ ጆንያ ድንች ይረከቡ።»

ጃርት የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። በዕድሜው ለስላሳ ነህ ያለው አልነበረም። እሾሁን ማራገፍ ሲጀምር ሚስቱ መውጫው ላይ ቆመችበት።

«ቆይ እስኪ የኔ ጌታ፤ መጀመሪያ አንደኛ ነህ ያለህ ዳኛ ይግባና ጀርባህን አንዴ ይዳብስልን» አለችው።

ጃርትም እንደተባለው ጠየቀ። የቀበሮ ኮቴ እየራቀ ሄደ።

ጃርት አቀርቅሮ፣ «ለካ ለስላሳ አይደለሁም» አለ።

ሚስቱ ጉንጯን ሆዱ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ ግን ነህ፤ ይህን ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም» አለችው።