ማንም ያላየው ድር

ተረት ተረት፣ ጆሯችሁን ወዲህ አድርጉልኝ።

«የምትሠሪውን ድር ከእኔ በቀር ማንም ሳያየው ካቆየሽልኝ፣ ባሕር ማዶ ለአእዋፍ ጉባኤ አሳየዋለሁ፤ ስምሽንም በየአገሩ አስጠራዋለሁ» ብሏት ነበር ሽመላ፣ ሸረሪት ገና ልጅ ሳለች።

እሷም የደረቀውን የመንደሯን ወንዝ ከነቄጤማው፣ ከነዓሣው በድር ሠርታ በኮባ ቅጠል ሸፈነችው። ሽመላ ግን በየዓመቱ እየመጣ ገለጥ አድርጎ ያይና፣ «ዘንድሮ የወንዝ ድር በዝቶብናል፤ ለከርሞ ይሁንልሽ። ብቻ ለማንም እንዳታሳዪ!» ብሎ ይበራል። እሷም ሰማይ ሰማዩን እያየች ትቀራለች።

አንድ ቀን ጎረቤቷ እማማ ኤሊ እየተጎተቱ መጡ። «ልጄ፣ ዓይኔ እየከዳኝ ነው። ያን በድር የሠራሽውን ወንዛችንን አንዴ ባየው ምናለ?»

«እማማ፣ ሌላ ዓይን ካየው እኮ ሽመላ አይወስደውም! ለከርሞ ይጠብቁኝ።»

«ለከርሞማ በዳበሳ ነው የማየው» ብለው ሳቁ። «ለመሆኑ እነዚያ የባሕር ማዶ ወፎች የወንዛችንን ውሃ ጠጥተውት ያውቃሉ?»

ወዲያው የሽመላ ክንፍ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። የሸረሪት ልብ እንደ ልማዱ ወደ ሰማይ ሄደ። እማማ ኤሊ ግን አንገታቸውን አስግገው ቅጠሉን ብቻ ትክ ብለው ያያሉ።

ሸረሪት በክሯ ወረደችና ቅጠሉን ከዳር እስከ ዳር ገለጠችላቸው።