የባሻ ጓንጉል ሽጉጥ

ባሻ ጓንጉልን አየሁ የሚል ሰው ዛሬ የለም፤ ሰማሁ የሚል ግን ሞልቷል። የሰማ ደግሞ ካየ ይልቅ ስለሚያውቅ፣ የሚከተለውን ሐሰት ነው ብሎ የሚከራከር አይገኝም።

ባሻ የጥድ አምባው ገዢ የደጃዝማች ጣሰው ነፍጥ አዋቂ ነበሩ። በዚያ ዘመን አሮጌ ሽጉጥ መሰብሰብ መኳንንቱን እንደ ተስቦ ይዟቸው ነበር። ስድስት ጎራሽ ከሆነ፣ ካረጀ፣ ደግሞም እገሌ የሚባል ጀግና ታጥቆት ነበር ከተባለ፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ጠጋኞቹም ይህን ስላወቁ ብረቱን በጨውና በሎሚ ዝገት እያስያዙ፣ የአንዱን አፈሙዝ ጥይት ይዞ ከሚዞረው ከሌላው ጎራሽ ጋር እያጋቡ በየሳምንቱ አንድ «የአያት ሽጉጥ» ያስወልዱ ነበር። ባሻ ታዲያ እንዲህ ያለውን ቤተሰብ አንዴ ገልበጥ አድርገው ያዩና፣ «አፈሙዙ አባት፣ ጎራሹ እንጀራ ልጅ፣ እጀታው ጎረቤት» ብለው ይመልሱታል።

የራሳቸው ሽጉጥ ግን የአገር መሳቂያ ነበረች። ገበያ ሊፈታ ሲል አመሻሽ ላይ ገዝተዋት፣ ሲነጋ ቢያዩዋት ጎራሿ የሌላ ሽጉጥ፣ ቃታዋ በሽቦ የታሰረ፣ እጀታዋ ከተሰበረ እርፍ የተጠረበ ሆና ተገኘች። አፈሙዟ ላይ ጣት የሚያስተኛ ሥርጉድ ነበር፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርትሁን «ፍየል የነከሰቻት» ይሏታል። አዋቂ ሲታለል የማይደሰት ጎረቤት የለምና ወሬው ባንድ ቀን አገሩን አዳረሰው።

«አገሩ ሁሉ ነፍጡን ለእርስዎ ያሳያል፤ እርስዎ ይቺን ሲገዙ ለማን አሳዩ?» አሏቸው ወይዘሮ ዘርትሁን።

«ለሻጩ» አሉ ባሻ።

ነጋድራስ ቸሬ የሚባሉ ስማቸውን ያልመሰሉ ስስታም ነበሩ። እሳቸውም እንደ ሰው አምሯቸው አሮጌ ሽጉጥ ገዙና ባሻን አስጠሩ። የጠሯቸው በምሳ ሰዓት ነው፤ ከጓዳ የወጥ ሽታ ይመጣል፣ ወጡ ግን አይመጣም።

«እስቲ ዝገቱን ተመልከተው፤ ከአያቶቻችን ዘመን ነው ብለውኛል» አሉ ነጋድራስ።

ባሻ አፈሙዙን ወደ አፋቸው አስጠግተው ላስ አደረጉት። «ጨው አለበት፣ ሎሚም አለበት፤ ቃሪያ ቢሰነግበት ለጾም ይበቃ ነበር» አሉ።

ነጋድራስ እየተንጨረጨሩ፣ «እንዲህ ቀምሰህ የምታውቅ ከሆነ፣ ያቺን ያንተን ጉድ ስትገዛ ለምን አልላስካትም?» ቢሏቸው፣

«ያን ዕለት የሰው ቤት ጋብዘውኝ ጠግቤ ነበር» አሉ።

ቀጥሎ ያለው ግን ባሻን ከሣቅ አልፎ ችግር ላይ የጣላቸው ነው። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ሽጉጥ ተካሰሱ። የተካሰሱበት ዕቃ እስኪፈረድ ድረስ ዳኛ ዘንድ ይቀመጣልና ሽጉጡ ዳኛው ቀኛዝማች ወንድይራድ ቤት ከረመ። ተፈርዶ ሲወጣ ታላቅየው አየት አድርጎ፣ «ይሄ የአባቴ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ዳኛውም ጩኸቱን ዝም ለማሰኘት ባሻን ሸንጎው ፊት አስቀረቡ።

ባሻ ሽጉጡን ከሟቹ ወገብ ላይ ያውቁታል። ጎራሹን ሲያዞሩት እንደ ልቅ ጥርስ ተንገጫገጨ።

«አፈሙዙ የአባታቸው ነው፣ እጀታውም የአባታቸው ነው፤ ጎራሹ ግን ተለውጧል።»

«መቼ ነው የተለወጠው? ሟቹ ራሱ አስለውጦት ቢሆንስ?» አሉ ቀኛዝማች።

«የለም፤ የሞረዱ ጭረት ገና ያበራል፤ ከክሱ በኋላ ነው፣ ከፍርዱ በፊት።»

ሸንጎው አጉረመረመ። ቀኛዝማች ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ «ዳኛ ሌባ ነው ልትል ነው? አንተ ሰው አወቅሁ ልትል ነው?» ሲሉ፣ ባሻ ወገባቸውን መታ መታ አድርገው፣

«ኧረ እኔስ ብረት እንጂ ሰው አላውቅም! ሰው ባውቅማ ይቺን ታጥቄ እዞር ነበር?» አሉ።

ቀኛዝማች በዚያው ደጃዝማች ጣሰው ዘንድ ገቡ። «ጌታዬ፣ ይህ ሰው እንከን ሳያወጣለት የሚተወው ነፍጥ የለም። ነገ ደግሞ የአያትዎን ይላል» አሏቸው።

የደጃዝማች አያት ሽጉጥ ማለት ከራስጌያቸው በቀይ ከፋይ ላይ ተሰቅሎ የሚያድረው ነው። አያትየው ሲሞቱ ለጠጋኝ ተሰጥቶ፣ ተወልውሎ ከመጣ ወዲህ ማንም እጁን አላሳረፈበትም፤ ባሻም ከሩቅ እጅ ነሥተውት ያልፋሉ እንጂ ነክተውት አያውቁም። ደጃዝማች ነገሩ ከነከናቸውና ባሻን አስጠርተው፣

«የሚካኤል ለት፣ በግብሩ ላይ፣ በእንግዶቼ ፊት የአያቴን ሽጉጥ ትመረምራለህ። እንከን ካወጣህ፣ ወይ ሽጉጡ ሐሰተኛ ነው፣ ወይ አንተ። ሐሰተኛው ከአገሬ ይወጣል» አሉ።

ከሁለቱ ማን እንደሚወጣ ለመገመት አዋቂ መሆን አያሻም። ባሻ የሚያርሷት መሬትም፣ የሚያድሩባት ጎጆም የደጃዝማች ናት።

«እባክዎ፣ ላንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ይዋሹ» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን ማታ።

«ውሸት በልጅነት ካልተማሩት ምላስ አይታዘዝም፤ እኔ ደግሞ አረጀሁ።»

«አርጅተንስ ወዴት ልንሄድ ነው?»

ባሻ ኩራዙን እፍ ብለው አጠፉት።

የሚካኤል ለት አዳራሹ ሞላ። ከብርንዶው በኋላ ደጃዝማች ሽጉጡን አስወርደው ለእንግዶቹ ታሪኩን አወሩ። አያትየው ወንዝ ሲሻገሩ የተወረወረባቸውን ጦር በዚሁ ሽጉጥ መከቱት፤ ጦሩ አፈሙዙን ሠርጉዶት አለፈ፤ እሳቸውም ተኩሰው ባለጦሩን ጣሉት። «ጠባሳው ይኸውና!» ብለው ለባሻ ሰጧቸው።

ባሻ አዩ። ጠባሳ የተባለው በሞረድ የተፋቀ ቀጥ ያለ ጭረት ነው። ጎራሹን ቢያዞሩት ቀዳዳው ከአፈሙዙ ጋር አይገጥምም፤ እንኳን ሊተኮስ መወልወያ በትር አያሳልፍም። ወዲያው እጃቸው ሳያስቡት ወደ ገዛ ወገባቸው ሄደ፤ ጣታቸው እዚያ ፍየል የነከሰችው ሥርጉድ ላይ አረፈ።

«እህሳ፣ ባሻ?» አሉ ደጃዝማች።

«ጌታዬ፣ አያትዎ በዚህ ሽጉጥ ተዋግተው በሕይወት ከተመለሱ፣ ከሚወራላቸውም በላይ ጀግና ነበሩ።»

አንዳንዱ ሊሥቅ ጀምሮ አፉን በጋቢው ያዘ። ቀኛዝማች ወንድይራድ ተነሡ። «አልነገርኩም? ሐሰተኛ ነው አለ! በአያትዎ ተሣለቀ!»

«የአያቴ ይሄ ካልሆነ የታለ?» አሉ ደጃዝማች፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

ባሻ ከወገባቸው መዝዘው አወጡ። ዘበኞቹ ዘለው ሊይዟቸው ሲሉ፣ «አትሥጉ ልጆቼ፣ ይቺ ብትተኮስ የምትገድለው እኔኑ ነው» ብለው እንደ ዕቃ በሁለት እጃቸው አቀረቧት።

ደጃዝማች በሽቦ የታሰረውን ቃታ አዩ፤ የእርፉን እጀታ አዩ፤ ከንፈራቸውን ነከሱ። ኋላ ጣታቸው ሥርጉዱን አገኘው። ልክ ገባ። እንግዳው ሁሉ ጠላውን አስቀምጦ ይጠብቃል።

«ልጅ ሳለሁ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጣቴን እዚህ ያስተኙት ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። «ያ ጠጋኝ ሐሰተኛውን ሰጥቶኝ ዋናውን ዕቃውን ለዋውጦ ገበያ አውጥቶታል ለካ!»

ቀና አሉና ያንን የተወለወለውን ሽጉጥ ለቀኛዝማች ወንድይራድ ዘረጉላቸው።

«ሐሰተኛው ከአገሬ ይወጣል ብያለሁ፤ ቃሌ አይታጠፍም። ይዘኸው ውጣ። የእነዚያን ልጆች ጎራሽ ደግሞ ሳታስረክብ በሩን እንዳታልፍ።»

ቀኛዝማች ሽጉጡን በጋቢያቸው ሥር ሸሽገው ሲወጡ፣ ባሻ አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ። ሰው እንዲሰማላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«አንተ የነፍጥ አዋቂ ተብዬ! ይህን ሁሉ ዘመን ታጥቀኸው ስትዞር እንዴት ሳታውቀው ቀረህ?» አሉ።

«የኔ ነዋ! ምን ሊረባ ብዬ ልየው?» አሉ ባሻ።